ግማሽ ሊትር

ሊፍቱ እማማ ፌቨንን ማወቅ ያቆመው የካቲት ስምንት ቀን 2071 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው እንደ ሁልጊዜው ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው ፊታቸውን አሳዩት። ሊፍቱ ሰው ሲያይ «እንደምን አደሩ» ይላል፣ ስም ይጠራል፣ ፎቁን ሳይጠየቅ ያውቃል። ለእሳቸው ዝም አለ። ትንሽ ጠበቁና ነጠላቸውን እስከ ትከሻቸው አወረዱት። አሁንም ዝም አለ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ተሰልፈን ነበር፤ አንዱ ዳቦ ገዝቼ የተመለስኩት እኔ ነኝ። እማማ ፌቨን ዞር ብለው አዩንና «እለፉ ልጆቼ፣ አትዘግዩ» ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። ቤታቸው ሃያ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው።

እኔ ገባሁ። ሊፍቱ «እንደምን አደሩ፣ አቶ ኢዮስያስ» አለኝና ስድስተኛ ፎቅ አወረደኝ።

ሃያ ሦስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። በሰፈሩ ግማሹ ሰው ወይ ተማሪዬ ነበር፣ ወይ የተማሪዬ ወላጅ ነው፤ ስለዚህ ስሜን የሚጠራው ሊፍቱ ብቻ ነው፣ ሌላው ሰው «መምህር» ነው የሚለኝ። መምህር ሲናገር ደግሞ ሰው ያምናል። አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገሩ መዋሸት እንደሚቻል ያወቅሁት በዚህ ዓመት ነው፤ ያወቅሁትም በራሴ አፍ ነው።

በከተማችን ማሳመር የተጀመረው እኛ ሳንወለድ ነው። መጀመሪያ የመንገድ ዳር መብራትና አበባ ነበር አሉ። ቀጥሎ ፏፏቴ መጣ፣ ከፏፏቴው በኋላ ዘንባባ። ባለፉት አምስት ዓመታት ደግሞ ባሕር ነው። ባሕር የሌለው ሕንጻ ነጥብ አያገኝም፤ ነጥብ ያጣ ሕንጻ ውኃው ከአሥረኛ ፎቅ በላይ አይወጣለትም። በዚህ የተነሣ የቀይ ባሕርን ውኃ በዓይኗ አይታ የማታውቀው ከተማችን ዛሬ ከሰባት መቶ በላይ ባሕር አላት። ሁሉም በመስታወት ውስጥ ናቸው፣ ሁሉም ከሊፍት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

የእኛ ባሕር ሦስት ሺህ ሊትር ነው። ከበላዩ ጣሪያው ላይ ዐይኑ አለ፤ የእንቁላል መጠን ያለው ጥቁር መስታወት። ዐይኑ ዓሣዎቹን ይቆጥራል፣ የውኃውን ጥራት ያያል፣ ማን ወለሉ ላይ እንደተፋ ይይዛል፣ የሚወራውንም ይሰማል። ከዚያ ለሕንጻው ነጥብ ይሰጣል፣ ለየቤቱም ይሰጣል። የቤቱ ነጥብ ሲወርድ ሊፍቱ ሰውየውን ይረሳዋል። ይህን ሁሉ ሰው ስለለመደው ማንም አያማርርም። በዐቢይ ጾም ፊቱ የከሳ ሰው ሊፍት ላይ ሲጉላላ ጎረቤት ይስቅበታል፤ ጨዋታው ያ ብቻ ነው።

የባሕር ተጠሪ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ባዮሎጂ ስላስተማርኩ ሌላ ሰው አልታሰበም፤ እኔም ሌላ ሰው እንዲታሰብ አልፈለግሁም።

ባሕሩ ውስጥ የሚደረደረውን ድንጋይ ያመጣልን ሁመድ የሚባል የአፋር ሰው ነው። ከባሕር ዳርቻ በባቡር እየጫነ ለየሕንጻው ያድላል። ጥር ሦስት ቀን ድንጋዮቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣና አንዱን ገልጦ አሳየኝ። ወይን ጠጅና አረንጓዴ የተቀባ የሚመስል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ነው። ሽታው ያፍናል።

«ይሄ ድንጋይ ብቻውን አይመጣም» አለኝ። «ውስጡ ነዋሪ አለ። ትል አለ፣ ሸርጣን አለ፣ የማታውቀውም አለ። አርባ ቀን በሌላ ገንዳ፣ በጨለማ አቆየው። ሲርበው ሁሉም ብቅ ይላል። የማትፈልገውን ትለቅማለህ። ከዓሣ ጋር የምታገናኘው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ባላቆየውስ?»

«ታዲያ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ቤት ሰጠኸው ማለት ነዋ» አለና ጆንያውን አጥፎ ሄደ።

ድንጋዩን ያቆየሁት ዘጠኝ ቀን ነው። ባሕሩ ጥር አሥራ ሁለት ቀን ሊመረቅ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሶልያና ሥራ የሚወዱ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን አላስገደዱኝም። «መምህር፣ የማይደርስ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ቀኑን እናራዝመዋለን» ነው ያሉኝ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ የጎረቤት ሕንጻ ሰው «የእናንተስ ባሕር ለፋሲካ ይደርስ ይሆን?» ብሎኝ ነበር፣ ሰው እየሰማ። በዚያ ምክንያት ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኝም። ከምረቃ በፊት የሚሞላው ቅጽ «ድንጋዩ አርባ ቀን ተለይቶ መቆየቱን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ፈረምኩ።

ምረቃው አማረ። እልልታ ነበር፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ አሥራ አራት ዓሣዎች ከከረጢታቸው ሲለቀቁ ሰው አጨበጨበልኝ። ሰዉ ሲበተን እማማ ፌቨን በእጃቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ጠጋ አሉኝ። የጥምቀት ጸበል ነው።

«መምህር፣ ትንሽ ባፈስበት ምን ይል ይሆን? ከአገራቸው ተነቅለው የመጡ ፍጥረቶች ናቸው፣ እነሱም ይባረኩ እንጂ።»

«ምን ይላል እማማ፣ ያፍስሱ» አልኳቸውና የባሕሩን ክዳን ራሴ ከፍቼ ያዝኩላቸው። በስመ አብ ብለው ጠርሙሱን ጨርሰው አፈሰሱት።

በሳምንቱ ነዋሪዎቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንድ ባለ ፀጉር ትል ከድንጋዩ ሥር ሲወጣ በእጄ ልይዘው ብል ጣቴን እንደ ሳማ ለብልቦኝ ሁለት ቀን አሳበጠኝ። ጥፍር የምታህል ባለ አምስት ክንድ ነገር መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አገኘሁ። ብርጭቆ የመሰሉ ትናንሽ አበባዎችም በቀሉ፤ አበባ አይደሉም፣ የሚያልፈውን ሁሉ የሚናደፉ እንስሳት ናቸው፣ አንዱን ስትነቅል አራት ሆኖ ይመጣል። ሰው ሲያደንቃቸው «ያምራሉ አይደል?» እላለሁ። ሰው ሲሄድ በወረንጦ እለቅማለሁ።

የባሕራችን ሌሊት ጠዋት ነው። ሰው ሥራ ከወጣ በኋላ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት መብራቱ ይጠፋል፣ ጥቁር መጋረጃ ይወርድበታል፤ ከዚያ ውጭ ማንም በማንኛውም ሰዓት ቢመጣ ባሕሩ በርቶ ይቆየዋል። ጥር ሃያ ገደማ፣ መጋረጃውን አውርጄ ወለሉን ስወለውል «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሊፍቱ በር መስሎኝ ነበር። ደግሞ «ጧ» አለ። በማግስቱ መስታወቱን እንዲያጸዱ ያስገባናቸውን ቀንድ አውጣዎች ስቆጥር የሦስቱ ቅርፊት እንደ ኦቾሎኒ ተፈርክሷል። በሦስተኛው ቀን ከቢጫዎቹ ዓሣዎች አንዱ ጠፋ።

በቀይ የእጅ ባትሪ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ አየሁት። ከመካከለኛው ድንጋይ ቀዳዳ ሁለት ዓይኖች ወጥተዋል፤ አንዱ ወደ እኔ፣ ሌላው ወደ ዓሣዎቹ ይዞራል። ከሸርጣን ወገን ነው፤ በአማርኛ ስም የለውም። ሁመድ አንድ ቀን ስለ እሱ ሲያጫውተኝ «ቦክሰኛው» ነበር ያለው። ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፣ ከአንገቱ ሥር አጥፎ በያዛቸው ሁለት ክንዶች የሚመታውን ሁሉ ይሰብራል። ማን እንደሆነ፣ በምን እንደመጣ፣ በማን ፊርማ እንደገባ በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። መጋረጃውን መልሼ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ለሁመድ አልደወልኩም፤ «ስንት ቀን አቆየኸው?» ማለቱ አይቀርማ።

የካቲት ሲገባ አሥራ አራቱ ዓሣዎች ዘጠኝ ሆኑ። ዐይኑ ቆጠረ፣ ነጥባችን ወረደ፣ ውኃው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ከላይ ያሉት ሰዎች በጀሪካን መቅዳት ጀመሩ። የካቲት ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ፊት ወንበር ተደርድሮ ስብሰባ ተጠራ።

ወይዘሮ ሶልያና ዐይኑ የቀረጸውን ግድግዳው ላይ አሳዩን። ከላይ የተወሰደ፣ ድምፅ የሌለው ምስል ነው። የተከፈተ ክዳን፣ የአሮጊት እጅ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሚወርድ ውኃ ይታያል። ክዳኑን ይዞ የቆመው እጅ ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ቀርቷል። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እማማ ፌቨን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው የገዛ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያያሉ።

«መምህር» አሉኝ ወይዘሮ ሶልያና፣ «ባለሙያው እርስዎ ነዎት። ይሄ ዓሣ ይገድላል?»

የመለስኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ጨው የሌለው ውኃ በጨው ውኃ ላይ ሲጨመር የጨው መጠኑን ይቀንሰዋል፤ የባሕር ዓሣ ደግሞ ያንን አይቋቋምም» አልኩ።

ከዚህ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ፈተና ላይ አውጥቼው ቢሆን «እውነት» ብሎ የመለሰ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ያልተናገርኩት መጠኑን ነው። የእማማ ፌቨን ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ነው። ከባሕራችን በቀን የሚተነው ውኃ ብቻ የዚያን አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ያንንም በየጠዋቱ ጨው በሌለው ውኃ የምተካው እኔው ነኝ። ይህን ከእኔ በቀር በዚያ ስብሰባ ላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እማማ ፌቨን ብድግ አሉ። ክዳኑን የከፈተላቸው ማን እንደሆነ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ጸበሉ ነው የገደላቸው?» አሉ።

ከወንበራቸው ወጥተው በሰው መሀል ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡና ጎንበስ አሉ። «ስንት የለፋህበትን ነገር አበላሸሁብህ። ይቅር በለኝ መምህር።»

«ምንም አይደል እማማ» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። በአደባባይ ይቅር አልኳቸው።

ቅጣቱ ዘጠና ቀን ያለ ሊፍት ነው። በየፎቁ መሀል አሥራ ስድስት ደረጃ አለ፣ እስከ ሃያ ሰባተኛ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ይሆናል። ጾም ገብቷል፣ እማማ ፌቨን ደግሞ ቅዳሴ የሚያስቀሩ ሰው አይደሉም። በየቀኑ ይወርዳሉ፣ በየቀኑ ይወጣሉ። የከዘራቸው ድምፅ ከታች ሲነሣ ቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ስድስተኛ ፎቅ ሲደርስ ይቆማል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

በሦስተኛው ቀን ከምግብ ጠረጴዛዬ አንድ ወንበር አንሥቼ ደረጃው ላይ፣ ከቤቴ በር ፊት አስቀመጥኩላቸው። ወጥተው ሲያዩት ቆሙ።

«አንተ ነህ ያስቀመጥክልኝ?»

«ትንሽ ይረፉበት ብዬ ነው።»

«እግርህን ያቅናው። የልጅ ልጅ ያሳይህ» አሉና ተቀመጡ።

በሳምንቱ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው በርጩማ አወጣ። ሃያኛው ላይ ትራስ ያለው ወንበር ተጨመረ። ሰዉ ደግነት ተሰማው። ዐይኑም አልቀረ፤ ወሬውን ሰምቶ ስለ መተሳሰብ ብሎ ለሕንጻው ሦስት ነጥብ፣ ወንበሩን ቀድሞ ላስቀመጠው ቤት ደግሞ አምስት ነጥብ ሰጠ። ያ ቤት የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊፍቱ ከሌላ ሰው ቀድሞ ይከፍትልኝ ጀመር።

ምርቃታቸውን መስማት አቃተኝ። የሚመጡበትን ሰዓት ስላወቅሁ ቀድሜ መውጣት ጀመርኩ፤ ወጥቼም የምሄድበት የለኝም፣ ሰፈሩን እዞራለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን ካሰብኩት ቀድመው መጥተው ወንበሩ ላይ አገኘኋቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዝም ብዬ ላልፋቸው አልቻልኩም።

«እሑድ የኤልዳና ልጅ ክርስትና ነው አሉ» አልኩ። ኤልዳና ከእሳቸው በር ፊት ለፊት የምትኖር አራስ ናት፤ ሴት ልጇ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። «የክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ነበርኩ» አሉ። «ትናንት ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው።»

«ለምን? ደረጃው ከብዶዎት ነው?»

«ደረጃውስ ይወጣል።» ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፉን ገልብጠው አዩት። «ጸበል እንኳ በዚህ እጅ ሲያልፍ ነፍስ አጠፋ። ጸበሉማ ምን በደለ፤ እኔ ላይ የሆነ ነገር ቢኖር ነው። ለጉልበቴም መጠጣት ትቻለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ሕፃን አይታቀፍበትም መምህር።»

አፌ ላይ መልሱ ነበር። ሁለት ቁጥር ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም። «እንዲህ አይበሉ እማማ» ብቻ አልኩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና መውጣታቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት። ቤቴ ገብቼ የተቀመጥኩበት ትዝ አይለኝም። እስከዚያ ቀን እግራቸውን የቀጣሁ ነበር የሚመስለኝ፤ እግርማ ዘጠና ቀን ሲሞላ ያርፋል።

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጋረጃውን አወረድኩና ውስጥ ገባሁ። ዘዴውን ድሮ አንብቤው ነበር፤ ሳምንታት ሙሉ ያልሞከርኩት ስለማላውቀው አይደለም፣ ቦክሰኛው ከወጣ የሚታይ ማስረጃ ስለሚሆን ነው። መካከለኛውን ድንጋይ አውጥቼ ባልዲ ላይ አስቀመጥኩት። መርፌ የሌለው ስሪንጋ በአምቦ ውኃ ሞልቼ ቀዳዳው ውስጥ ገፋሁት። ጋዙ ሲንተከተክበት ቦክሰኛው እንደ ተወርዋሪ ወጥቶ ባልዲው ውስጥ ወደቀ፣ አንዴ «ጧ» አድርጎ ባልዲውን መታ፣ ከዚያ በጨው ውኃ ወደሞላሁት የመስታወት ማሰሮ ሲገባ ጸጥ አለ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም አለው። ከገዛናቸው ዓሣዎች ሁሉ ያምራል።

ያኔ ለሁመድ ደወልኩ።

«ስንት ቀን አቆየኸው?» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«ዘጠኝ።»

ከበስተጀርባው የባቡር ጡሩምባ ተሰማ። «ልትገድለው ነው?»

«አላውቅም።»

«እሱ ምን አጠፋ? ቤቱን ነው ከነነፍሱ ያነሣችሁት። ያልጠበቅኸው አንተ ነህ» አለ። «በሚቀጥለው ወር ስመጣ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ቀንድ አውጣ አብላው።»

ቅዳሜ ማሰሮውን ይዤ ቤቴ በር ላይ ቆምኩ። ከዘራው ከታች ጀመረ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ። እማማ ፌቨን ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ማሰሮውን አሳየኋቸው።

«ዓሣዎቹን የበላው ይሄ ነው» አልኩ። «ከድንጋዩ ጋር ነው የመጣው። ድንጋዩን አርባ ቀን ለይቼ ማቆየት ነበረብኝ፤ አቆይቻለሁ ብዬ ፈርሜ ዘጠኝ ቀን ነው ያቆየሁት። ጸበሉ ምንም አላደረገም። ግማሽ ሊትር ነበር፣ ባሕሩ ሦስት ሺህ ሊትር ነው። እጅዎ ምንም የለበትም እማማ።»

ማሰሮውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ሁለቱ ዓይኖች በየፊናቸው ዞሩባቸው።

«ስብሰባው ላይ ስትናገር ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ስጠይቅህም?»

«አዎ።»

«ክዳኑን የከፈትክልኝ አንተ እንደሆንክ ለምን ያልተናገርኩ ይመስልሃል?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «መምህር ነው፣ ያስተማራቸው ልጆች እዚህ ተቀምጠዋል፣ አላሳፍረውም ብዬ ነው።»

መሬት ቢውጠኝ ደስ ባለኝ የሚባለውን ነገር ሰው ሲለው እሰማ ነበር፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ገባኝ።

ማሰሮውን መለሱልኝ። ተነሡ። አንድ ደረጃ ወጡና ሳይዞሩ «ወንበሩን አንሣው» አሉኝ።

አነሣሁት። የዚያኑ ቀን የእርማት ቅጽ ሞልቼ ወደ ወይዘሮ ሶልያና ወሰድኩ። አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ ይህ ከወጣ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ? የሐሰት ማረጋገጫ ነው። ነጥባችን ሁሉ ይሄዳል። ከአሥረኛ ፎቅ በላይ ያለ ሰው እስከ ክረምት ውኃ አያይም።»

«እማማ ፌቨንስ?»

«ይቅርታ ተደረገላቸው እንላለን። በዕድሜያቸው ምክንያት። ከነገ ጀምሮ ሊፍቱ ያውቃቸዋል። አውሬውንም አውጥተውታል። ከዚህ በላይ ቢወራ ማን ይጠቀማል?» ቅጹን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

እሺ አልኩ። ቀለል እንዳለኝም ልጻፈው። ቤቴ ስገባ ማሰሮው ውስጥ ቦክሰኛው የሰጠሁትን ቀንድ አውጣ እየሰበረ ነበር፤ ድምፁ እስከ መኝታ ቤት ይሰማል።

እሑድ ሕንጻው ውስጥ ሰው ስላለ መጋረጃው አይወርድም። አራት ሰዓት ገደማ ክርስትናው አልቆ ሲመለሱ ብዙ ሰው ባሕሩ ፊት ቆሞ ይቀበላቸው ነበር፤ ወይዘሮ ሶልያናም ነበሩ። ሕፃኗን ነጭ አልብሰው የታቀፏት እማማ ፌቨን ናቸው። ሌላ የክርስትና እናት አልተፈለገም። ሊፍቱ ከሩቅ ሲያያቸው ተከፈተና «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ፌቨን» አለ። ሰዉ እልል አለ። «ይቅር ተባሉ፣ እሰይ» ያለችም ነበረች።

እማማ ፌቨን ወደ ሊፍቱ አልገቡም። ሕፃኗን ለእናቷ ሰጡና ከዘንቢላቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ዓይናቸው እኔን ፈለገ። ከሰው ኋላ ነበርኩ።

«መምህር፣ ና ክዳኑን ክፈትልኝ።»

ወይዘሮ ሶልያና ፈጠን ብለው ጠጋ አሉ። «እማማ፣ ዛሬ ገና ይቅርታ ተደርጎልዎት፣ ዐይኑ እኮ ያያል፣ ይሰማልም።»

«ይስማ። ውኃው ቢቋረጥ በእኔም ላይ አይደል የሚቋረጠው? ከማንም በላይ ነው ያለሁት።»

ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ሄጄ የባሕሩን ክዳን ከፈትኩ፤ በዚህ ጊዜ ዐይኑ ሥር ሙሉ በሙሉ ቆሜ ነው። በስመ አብ ብለው አፈሰሱ። አንድ ሁለት ሰው «ኧረ እማማ» ሲል ሰማሁ። የቀሩት ዓሣዎች ምግብ መስሏቸው ወደ ላይ መጡ።

ባዶውን ጠርሙስ ሰጡኝ። «ስንት ይይዛል?»

«ግማሽ ሊትር» አልኩ።

«ባሕሩስ?»

«ሦስት ሺህ።»

«አልሰማሁህም። ክፍል ውስጥ ስታስተምር እንዲህ ነው የምትናገረው?»

ጠርሙሱን እንደያዝኩ ወደ ሰዉ ዞርኩ። ከፊት የቆሙት ሁለቱ ተማሪዎቼ ነበሩ፣ ራሳቸው ልጅ ይዘዋል። እስከ ክፍሉ የመጨረሻ ወንበር ድረስ በሚሰማው ድምፄ ተናገርኩ። ግማሽ ሊትር በሦስት ሺህ ሊትር ውስጥ ምንም አያደርግም አልኩ። ዘጠኝ ቀን አልኩ፣ አርባ ቀን አልኩ፣ ፊርማዬን፣ ማሰሮው ውስጥ ያለውን፣ ክዳኑን የያዘውን እጅ፣ በስብሰባው ላይ ጎንበስ ብለው ይቅር በለኝ ሲሉኝ ምንም አይደል ያልኩትን ተናገርኩ። ስጨርስ ወይዘሮ ሶልያና ጣሪያውን ያያሉ፣ የቀረው ሰው እኔን ያያል። እማማ ፌቨን ሕፃኗን ተቀብለው ወደ ሊፍቱ ገቡ፣ በሩም ተዘጋ።

በዚያው ሳምንት ውኃው አሥረኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ጀሪካን ይዞ የሚያልፈኝ ሰው ሰላም አይለኝም፤ አንዳንዱ ይለኛል፣ እሱ ይብሳል።

ሰኞ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ሊፍቱ ፊት ቆምኩ። ዝም አለኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ዝም አለ። ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁና ዞርኩ፤ እማማ ፌቨን ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው።

«ይለፉ እማማ» አልኩ።

አለፉ። ሊፍቱ በስማቸው ጠርቶ እንደምን አደሩ አላቸው። በሩ ሊዘጋ ሲል «ቀስ ብለህ ውጣ» አሉኝ።

ወደ ደረጃው ሄድኩ። እስከ ስድስተኛ ፎቅ ዘጠና ስድስት ደረጃ ነው፤ ወንበር የለውም።